በኮድ ውስጥ የተቸነከሩ ጥገኝነቶችን በአስመሳይ ኦብጀክቶች መፈተሽ፦ ከአቦቦ ወረዳ ሳምንታዊ የወባ ሪፖርት አንጻር

አሕጽሮተ ጽሑፍ

ሰዓትን፣ የመልእክት መላኪያ መሣሪያንና የመረጃ ቋትን በራሱ ውስጥ ፈጥሮ የሚጠቀም ኮድ በአሃድ ፍተሻ (ዩኒት ቴስት) ለመመርመር አስቸጋሪ ነው። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያሉ የተቸነከሩ ጥገኝነቶች የሚነቀሉባቸውን መንገዶችና በቦታቸው የሚገቡትን አስመሳይ ኦብጀክቶች (ሞክ ኦብጀክቶች) አጠቃቀም፣ በጋምቤላ ክልል አቦቦ ወረዳ ሁኔታ ላይ በተመሠረተ ማሳያ ያብራራል። የጽሑፉ መከራከሪያ እንደሚከተለው ነው፦ በአስመሳይ ሊተካ የሚገባው ውጫዊ ሁኔታ የሚወስነው ነገር፣ ማለትም ጊዜ፣ ኔትወርክና መሣሪያ ነው። ስሌት የሚወስነው ነገር፣ ማለትም የቀን መቁጠሪያና ድምር፣ በእውነተኛው ኮድ መፈተሽ አለበት። ሁለቱን ያልለየ ፍተሻ ስሕተትን ከማጋለጥ ይልቅ ይሸፍናል።

ቁልፍ ቃላት፦ የአሃድ ፍተሻ፣ አስመሳይ ኦብጀክት፣ ጥገኝነት፣ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር፣ የወባ ቅኝት

1. መግቢያ

አቦቦ በጋምቤላ ክልል፣ በአኝዋሃ ብሔረሰብ ዞን፣ ከጋምቤላ ከተማ በስተ ደቡብ የሚገኝ ወረዳ ነው። በአልዌሮ ወንዝና በወንዙ ላይ በተሠራው ግድብ የሚታወቀው ይህ ቆላማ አካባቢ፣ ሙቀቱም እርጥበቱም ለወባ ትንኝ የተመቸ ነው። በሀገራችን የኅብረተሰብ ጤና ቅኝት አሠራር ወባ በየሳምንቱ ሪፖርት ከሚደረግባቸው በሽታዎች አንዱ ሲሆን፣ ሳምንቱ ከሰኞ ጀምሮ እሑድ ያበቃል። ከጤና ኬላ የተነሣው ቁጥር በጤና ጣቢያና በወረዳ በኩል አልፎ እስከ ክልልና እስከ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይደርሳል።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ሁለት ነገሮች መምታታት የለባቸውም። አንደኛው በሳምንቱ ሕመምተኛ አለመኖሩ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሳምንቱ ሪፖርት አለመድረሱ ነው። ሕመምተኛ ያልታየበት ሳምንት እንኳ «ዜሮ» ተብሎ እንዲላክ የሚጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው። ወረርሽኝ የሚታወቀው የዚህ ሳምንት ቁጥር ካለፉት ዓመታት ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ሲነጻጸር በመሆኑ፣ በመንገድ ላይ የጠፋ ሪፖርት የወረርሽኝን ምልክት ይደብቃል፤ ሁለት ጊዜ የተቆጠረ ሪፖርት ደግሞ የሌለ ወረርሽኝ ያሳያል።

ይህን ቁጥር የሚሰበስብና የሚልክ ፕሮግራም በሚጻፍበት ጊዜ ጸሐፊው ብዙውን ጊዜ ኔትወርክ ባለበት ቢሮ፣ መብራት ባልተቋረጠበት ቀን፣ ከጳጉሜን ወር ርቆ ተቀምጧል። ፕሮግራሙ የሚሠራበት ቦታና ጊዜ ግን ሌላ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ከዚህ ይነሣል፦ የአቦቦን ሁኔታ ወደ ፍተሻ ክፍል ማስገባት የሚቻለው እንዴት ነው? ቀጥሎ የሚቀርበው ፕሮግራም ለማሳያ የተዘጋጀ እንጂ በሥራ ላይ ያለ የማንኛውም ተቋም ሥርዓት አይደለም።

2. የተቸነከረ ጥገኝነት ምንነት

አንድ ክላስ ሥራውን ለማከናወን የሌላ ኦብጀክት አገልግሎት የሚያስፈልገው ከሆነ በዚያ ኦብጀክት ላይ ጥገኛ ነው ይባላል። ጥገኝነት በራሱ ነውር አይደለም፤ ያለ ጥገኝነት የሚሠራ ፕሮግራም የለም። ችግሩ የሚመጣው ክላሱ የሚያስፈልገውን ኦብጀክት ከውጭ በመቀበል ፈንታ በራሱ ሆድ ውስጥ ሲፈጥረው ነው። የሚከተለው ሐሳባዊ ኮድ ይህን ያሳያል።

ክላስ ሳምንታዊ_ሪፖርት_ላኪ
    ሜተድ ላክ()
        ዛሬ = የኮምፒውተር_ሰዓት.አሁን()
        መነሻ = ስድስት_ቀን_ቀንስ(ዛሬ)
        ቋት = አዲስ የመረጃ_ቋት("ወረዳ")
        ድምር = ቋት.ሕሙማን_ቁጠር(መነሻ፣ ዛሬ)
        ሞደም = አዲስ ሞደም("ወደብ 3")
        ሞደም.ላክ(መልእክት_አዘጋጅ(ድምር))
        ቋት.መዝግብ("ተልኳል")

ኮዱ አጭርና ግልጽ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሦስት ችንካሮች አሉበት። ሰዓቱ የኮምፒውተሩ ሰዓት ብቻ ነው፤ ቋቱ «አዲስ» በሚለው ቃል እዚያው ይፈጠራል፤ ሞደሙም እንዲሁ። ይህን ሜተድ እንዳለ ለመፈተሽ የሚፈልግ ሰው ሞደም መሰካት፣ ሲም ካርድ መግዛት፣ የመረጃ ቋት ማዘጋጀትና እሑድ እስኪመጣ መጠበቅ ይኖርበታል። ከዚህም የከፋው፣ ፍተሻው በሠራ ቁጥር እውነተኛ የጽሑፍ መልእክት ወደ እውነተኛ ተቀባይ ይሄዳል። ለሙከራ የተጻፈ የሕሙማን ቁጥር ከቅኝቱ መረጃ ጋር ሊቀላቀል ይችላል ማለት ነው። ውጤቱም እንዲህ ያለው ኮድ ሳይፈተሽ መቅረቱ ነው።

3. ችንካሩን የመንቀል መንገዶች

ማይክል ፌዘርስ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ነባር ኮድን ስለ ማሻሻል በሚያወሳው መጽሐፉ፣ የኮዱን ባሕርይ በዚያው ቦታ ሳያርሙ መለወጥ የሚቻልበትን ነጥብ «ስፌት» ብሎ ይጠራዋል። ልብስ የሚፈታው በስፌቱ በኩል እንደ ሆነ ሁሉ፣ ፕሮግራምም የሚፈታበት ስፍራ ያስፈልገዋል። ከላይ ያለው ሜተድ ስፌት የለውም። ስፌት የሚከፈትባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያውና ተመራጩ መንገድ ጥገኝነቱን በኮንስትራክተር መቀበል ነው። ክላሱ ሰዓት፣ ቋትና ሞደም እንዲሰጡት ይጠይቃል፤ ማን እንደሚሰጠው አያውቅም።

ክላስ ሳምንታዊ_ሪፖርት_ላኪ
    ኮንስትራክተር(ሰዓት፣ ቋት፣ ሞደም)

በሥራ ላይ እውነተኞቹ ይሰጡታል፤ በፍተሻ ጊዜ አስመሳዮቹ። ቀድሞ ክላሱን ያለ ምንም ግቤት ይጠሩ የነበሩ ሌሎች የፕሮግራሙ ክፍሎች እንዳይበላሹ፣ እውነተኞቹን ኦብጀክቶች ፈጥሮ ለአዲሱ ኮንስትራክተር የሚያቀብል ባዶ ኮንስትራክተር ጎን ለጎን ማቆየት ይቻላል።

ሁለተኛው መንገድ ኮንስትራክተሩን መንካት በማይቻልበት ጊዜ የሚያገለግል ነው። «አዲስ ሞደም» የሚለው መስመር ብቻውን ወደ አንድ ትንሽ ሜተድ ይወጣል፤ ፍተሻው ክላሱን ወርሶ ያንን ሜተድ ብቻ ይተካል። ለውጡ አነስተኛ በመሆኑ ፍተሻ ለሌለው ነባር ኮድ ተስማሚ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ኮዱን ሳይነኩ በማስኬጃ ጊዜ መተካት ነው። በፓይተን ቋንቋ ከ3.3 ዕትም ጀምሮ በመደበኛ ቤተ መጻሕፍቱ የተካተተው የሞክ ሞዱል፣ በጃቫም ሞኪቶ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የጨመረው ስታቲክ ሜተዶችን የመተካት ችሎታ ይህን ያስችላሉ። መንገዱ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ችንካሩ በቦታው ይቀራል። ፍተሻው የኮዱን ውስጣዊ አጻጻፍ ስለሚያውቅ፣ ባሕርዩ ሳይለወጥ አጻጻፉ ብቻ ሲታረም እንኳ ይሰበራል። ስለዚህ ወደ መጀመሪያው መንገድ መሸጋገሪያ ቢሆን እንጂ ማረፊያ ሊሆን አይገባም።

4. የአስመሳዮች ዓይነትና ታሪክ

የአስመሳይ ኦብጀክት ሐሳብ በስፋት የታወቀው ቲም ማኪነን፣ ስቲቭ ፍሪማንና ፊሊፕ ክሬግ እ.ኤ.አ. በ2000 በጣልያን ሰርዲኒያ በተካሄደ ጉባኤ ላይ ባቀረቡት ጥናት ነው። ጄራርድ መሳሮስ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው መጽሐፍ ለሁሉም «የፍተሻ ተተኪ» የሚል የወል ስም ሰጥቶ በአምስት ከፍሏቸዋል። ለእኛ ማሳያ ሦስቱ ይበቃሉ።

ስተብ (መላሽ) ሲጠየቅ አስቀድሞ የተዘጋጀ መልስ የሚሰጥ ነው። «አሁን ስንት ቀን ነው?» ሲባል ሁልጊዜ አንድ ቀን የሚናገር ሰዓት ስተብ ነው። ሞክ (ተቆጣጣሪ) ደግሞ ምን እንደ ተጠየቀ፣ ስንት ጊዜና በምን ግቤት እንደ ተጠራ የሚያረጋግጥ ነው። ፌክ (አቻ) ቀለል ባለ መንገድ በእርግጥ የሚሠራ ነው፤ በዲስክ ፈንታ በማኅደረ ትውስታ ብቻ የሚያስቀምጥ የመረጃ ቋት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በዚህ መሠረት ለሰዓቱ ስተብ፣ ለቋቱ ፌክ፣ ለሞደሙ ሞክ እንመድባለን። ከሞደሙ የምንሻው መልሱን ብቻ ሳይሆን መጠራቱንና አለመጠራቱን ማወቅም በመሆኑ ነው።

5. አራት ፍተሻዎች

5.1 ኔትወርክ የሌለበት እሑድ

አስመሳዩ ሞደም «አልተላከም» የሚል መልስ እንዲሰጥ ይታዘዛል። ከዚያም ሪፖርቱ በቋቱ ውስጥ «በመጠባበቅ ላይ» ተብሎ መመዝገቡ ይረጋገጣል።

ፍተሻ ኔትወርክ_በሌለ_ጊዜ
    ሞደም.ላክ ሲጠራ መልሱ "አልተላከም" ይሁን
    ላኪ = አዲስ ሳምንታዊ_ሪፖርት_ላኪ(ሰዓት፣ ቋት፣ ሞደም)
    ላኪ.ላክ()
    አረጋግጥ፦ ቋት.ሁኔታ = "በመጠባበቅ ላይ"

በክፍል 2 የቀረበው ኮድ ይህን ፍተሻ ይወድቃል። የሞደሙን መልስ ሳያይ «ተልኳል» ብሎ ይመዘግባልና። ይህ ከሁሉ የከፋው ጥፋት ነው፤ ሪፖርቱ ጠፍቷል፣ የወረዳው ባለሙያ ግን ማያው ላይ መላኩን ያነብባል። ኔትወርክ ባለበት ቢሮ የተቀመጠ ፕሮግራመር ይህን ጥፋት ለማየት ዕድል የለውም።

5.2 ማረጋገጫው ሲዘገይ

መልእክቱ ተልኮ ሳለ ማረጋገጫው ከመመለሱ በፊት ግንኙነቱ ቢቋረጥ ፕሮግራሙ ደግሞ መላኩ አይቀርም። አስመሳዩ ሞደም በመጀመሪያው ጥሪ «ጊዜው አልፏል»፣ በሁለተኛው «ተልኳል» እንዲል ይደረጋል። የሚረጋገጠው ሞደሙ ሁለት ጊዜ መጠራቱና በሁለቱም ጊዜ አንድ ዓይነት የሪፖርት መለያ ቁጥር መላኩ ነው። መለያው አንድ ከሆነ ተቀባዩ ድግግሞሹን ለይቶ ይጥለዋል፤ መለያው በየሙከራው አዲስ ከሆነ ግን የአንድ ሳምንት ሕሙማን እጥፍ ሆነው ይቆጠራሉ።

5.3 ዜሮ ሪፖርት

በቋቱ ውስጥ የሳምንቱ ሕመምተኛ ባይኖር ሞደሙ አንድ ጊዜ መጠራቱና መልእክቱ «0» መያዙ ይረጋገጣል። «ድምሩ ዜሮ ከሆነ አትላክ» የሚል፣ ወጪ ለመቀነስ በቅን ልቦና የተጨመረ አንድ መስመር የቅኝቱን መሠረት እንደሚያናጋ ይህ ፍተሻ ለሚቀጥለው ፕሮግራመር ያስታውሳል። ፍተሻ ሰነድ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

5.4 ጳጉሜን 6

በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ይኖራታል። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ሰኞ ዋለች። ስለዚህ ያ የሪፖርት ሳምንት ሰኞ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ተጀምሮ እሑድ መስከረም 6 ቀን 2016 ዓ.ም. አበቃ፤ የመጀመሪያው ቀን በአሮጌው ዓመት፣ የቀሩት ስድስቱ በአዲሱ።

አሁን «ስድስት_ቀን_ቀንስ» የሚለው ሜተድ ጳጉሜንን ሁልጊዜ 5 ቀን አድርጎ ይቆጥራል እንበል። ከመስከረም 6 ስድስት ቀን ሲቀነስ መነሻው ጳጉሜን 5 ይሆናል። በዚህ ስሌት ሪፖርቱ ከጳጉሜን 5 እስከ መስከረም 6 ያሉትን ስምንት ቀናት ይይዛል፤ ባለፈው ሳምንት ሪፖርት ውስጥ የተቆጠሩት የእሑድ ጳጉሜን 5 ሕሙማንም እንደገና ይቆጠራሉ። ስሕተቱ የሚታየው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቀጣዩ ጳጉሜን 6 በ2019 ዓ.ም. ነው። ሰዓቱ በተቸነከረበት ኮድ ይህን ለመፈተሽ እስከዚያ መጠበቅ ወይም የኮምፒውተሩን ሰዓት በእጅ መለወጥ ያስፈልጋል። ሰዓቱ ከውጭ ሲሰጥ ግን ፍተሻው ሦስት መስመር ነው።

    ሰዓት.አሁን ሲጠራ መልሱ "መስከረም 6 ቀን 2016" ይሁን
    ላኪ.ላክ()
    አረጋግጥ፦ የሪፖርቱ መነሻ = "ጳጉሜን 6 ቀን 2015"

ይህን ፍተሻ መጻፍ ሌላም ጥያቄ ያስነሣል፦ እሑድ መብራት ጠፍቶ ፕሮግራሙ ሰኞ ቢነሣስ? አስመሳዩን ሰዓት ወደ መስከረም 7 ማዞር ብቻ ይበቃል። የመጀመሪያው ኮድ መነሻውን ከ«ዛሬ» ስለሚቆጥር ሳምንቱ በሙሉ በአንድ ቀን ይንሸራተታል። መፍትሔው ሳምንቱን ካለፈው እሑድ መቁጠርና በመጠባበቅ ላይ ያለ ሪፖርት የራሱን ሳምንት ይዞ እንዲቆይ ማድረግ ነው።

6. ምን ይመሰል? ምን አይመሰል?

እስካሁን ያየነው የአስመሳዮችን ጥቅም ነው። አብዛኛው ጉዳት ግን የሚመጣው አስመሳይ በማነስ ሳይሆን ያለ ቦታው በመግባት ነው። ወደ ጳጉሜን ምሳሌ እንመለስ። አንድ ጀማሪ «ላኪው በቀን መቁጠሪያም ላይ ጥገኛ ነው» ብሎ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ቀን መቁጠሪያውንም በአስመሳይ ቢተካና «ስድስት ቀን ቀንስ ሲባል ጳጉሜን 6 መልስ» ብሎ ቢያዝዘው ፍተሻው ያልፋል። የተሳሳተው ስሌት ግን አንድ ጊዜም አልሠራም። ፍተሻው ያረጋገጠው ጀማሪው ራሱ የጻፈውን መልስ ነው።

ልዩነቱ ከነገሮቹ ጠባይ ይመነጫል። «አሁን ስንት ቀን ነው?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ከፕሮግራሙ ውጭ ነው፤ በእኛ ፈቃድ አይለወጥም። «ከመስከረም 6 ስድስት ቀን ሲቀነስ ምን ይሆናል?» የሚለው ግን መልሱ በየትኛውም ቦታና ጊዜ አንድ ነው፤ ፈጣን ነው፤ ገንዘብ አያስወጣም፤ ኔትወርክ አይፈልግም። የመጀመሪያው ይመሰላል፤ ሁለተኛው አይመሰልም።

ታላላቅ ሥርዓቶችም ይህን መለያየት ያሳያሉ። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት በጃቫ የሚሠራውና የሀገራችን ጤና ሚኒስቴር ለጤና መረጃ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 ቀን መቁጠሪያን በኢንተርፌስ ለይቶ፣ የኢትዮጵያን ጨምሮ የልዩ ልዩ አቆጣጠሮችን ትግበራ ከዚያ ሥር አስቀምጧል። ጃቫ ራሱም እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው 8ኛ ዕትሙ ሰዓትን ራሱን የቻለ፣ በአንድ ቅጽበት ላይ ሊቆም የሚችል ክላስ አድርጎታል። ስለዚህ ሰዓቱን አቁሞ እውነተኛውን ቀን መቁጠሪያ ማሠራት ይቻላል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው አደጋ አስመሳዩ ከእውነተኛው ጋር አለመመሳሰሉ ነው። አስመሳይ ሞደም የሚናገረው ጸሐፊው ስለ ሞደም የሚያምነውን እንጂ የሞደሙን እውነት አይደለም። ሁለት ማስረጃዎችን እንጥቀስ። አንደኛ፣ የጂኤስኤም ሞደም «ተልኳል» ሲል መልእክቱን የኔትወርኩ የመልእክት ማዕከል ተቀብሎታል ማለቱ እንጂ ተቀባዩ ዘንድ ደርሷል ማለቱ አይደለም፤ መድረሱን የሚያስረዳው ለብቻ የሚጠየቅ የማድረሻ ማስታወቂያ ነው። «ተልኳል»ን «ደርሷል» አድርጎ የተረዳ ፕሮግራመር አስመሳዩንም እንደዚያው ይሠራዋል፤ ፍተሻዎቹም ሁሉ ያልፋሉ። ሁለተኛ፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ የጽሑፍ መልእክት እስከ 160 ምልክት ሲይዝ፣ በግእዝ ፊደል የተጻፈው ግን 70 ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ ሲበልጥ ይከፋፈላል። ማንኛውንም ርዝመት ዝም ብሎ የሚቀበል አስመሳይ ይህን ገደብ ይሰውረዋል።

መከላከያው ሁለት ነው። በቅድሚያ፣ የሞደሙን አምራች ኮድ በቀጥታ ከመመሰል ይልቅ በራሳችን ቋንቋ የተጻፈ ቀጭን ኢንተርፌስ በመካከል ማኖርና እሱን መመሰል ነው። ቀጥሎ፣ ለአስመሳዩ የሚቀርቡትን ጥያቄዎች ለእውነተኛው ሞደምም የሚያቀርብ አነስተኛ የውል ፍተሻ መጻፍ ያስፈልጋል። ይህ ፍተሻ ዘገምተኛ ነው፤ መልእክቱም ወደ ሙከራ ቁጥር ብቻ መሄድ አለበት። በየደቂቃው ሳይሆን ከእያንዳንዱ የፕሮግራም ዕትም በፊት ቢሠራ በቂ ነው። የሁለቱ መልስ በተለያየ ጊዜ የሚታረመው አስመሳዩ ነው።

7. ማጠቃለያ

አስመሳይ ኦብጀክት ብዙ ጊዜ የሚመሰገነው ፍተሻን ስለሚያፋጥን ነው። ፍጥነት ጥቅም ቢሆንም ዋናው ቁም ነገር አይደለም። ጥገኝነቱ የተቸነከረበት ኮድ የጸሐፊውን ሁኔታ የዓለም ሁሉ ሁኔታ አድርጎ ይወስዳል፤ ኔትወርኩ ሁልጊዜ አለ፣ ዛሬ ሁልጊዜ ዛሬ ነው። ችንካሩ ሲነቀል ኔትወርክ የሌለበት እሑድ፣ የዘገየ ማረጋገጫና በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣው ጳጉሜን 6 በፕሮግራመሩ ጠረጴዛ ላይ በማንኛውም ሰዓት ሊገኙ ይችላሉ።

ለተማሪዎችና ለጀማሪ ፕሮግራመሮች የሚቀርበው ምክር አጭር ነው። በያዛችሁት ኮድ ውስጥ የሥራ ሕግ በተጻፈባቸው ሜተዶች ሰዓትን በቀጥታ የሚጠይቁትንና «አዲስ» ብለው መሣሪያ የሚፈጥሩትን መስመሮች ፈልጉ። ለእያንዳንዳቸው «ይህ በአቦቦ ቢከሽፍ ፕሮግራሙ ምን ያደርጋል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በፍተሻ ማሳየት ካልቻላችሁ ችንካሩን ንቀሉ። የነቀላችሁትን በአስመሳይ ስትተኩም ስሌቱን አብራችሁ እንዳትተኩ ተጠንቀቁ። በሪፖርቱ ሌላ ጫፍ ያለው የወረዳ ባለሙያ የሚያምነው ቁጥሩን ነው፤ ቁጥሩ የሚታመነውም ኮዱ በክፉ ቀን ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው።